የሚወድቀውን ማን ይሸልመዋል?

የፊልም ክበባችን በየዓመቱ እንደሚያደርገው ሁሉ ዘንድሮም «ተማሪ ሳያያቸው እንዳይመረቅ» የሚል አርእስት ሰጥቶ የአሥር ፊልሞች ዝርዝር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፏል። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። መጥፎ ዝርዝር አይደለም፤ ያወጡትም ሰዎች ብዙ ፊልም ያዩ ለመሆናቸው ምስክር አያሻም። ነገር ግን ከአሥሩ በስምንቱ ሰው ያለቅሳል፤ በዘጠኙ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነጋገራል፤ በአሥሩም ውስጥ ከፎቅ የሚዘል፣ ከፈረስ የሚወድቅ ወይም በመኪና የሚያሳድድ አንድ ሰው አይገኝም። ባጭሩ አክሽን ፊልም የሚባለው ወገን ተወካይ የለውም። ምክንያቱን ከኮሚቴው አባሎች አንዱን ብንጠይቀው «እሱማ መዝናኛ ነው» ብሎን መንገዱን ቀጠለ።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣችን ይህች «እሱማ» የምትል ቃል ናት።

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎችና የልደታ ልጆች ነን። የልደታ ልጅ በፍርድ ቤት ጥግ ስለሚያድግ ክርክር አይፈራም፤ ከሳሽና ተከሳሽ ከቀጠሮ ወጥተው በአንድ ካፌ ውስጥ በተለያየ ጠረጴዛ ማኪያቶ ሲጠጡ እያየ ነው ነፍስ የሚያውቀው። ስለዚህ አቤቱታችንን በሥርዓቱ እናቀርባለን። አስቀድመንም የምንገልጸው ክሱ በክበባችን ላይ ብቻ አለመሆኑን ነው። ክበባችን ያደረገው የዓለም ትልልቅ ሸላሚዎች ለብዙ ዘመን ሲያደርጉ የኖሩትን መድገም ነው፤ እነርሱም ቢሆኑ ሲጀምሩ እንዲህ አልነበሩም።

ኦስካር የሚባለው ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1929 ነው። በዚያ ዓመት የምርጥ ፊልምን ሽልማት የወሰደው «ዊንግስ» የሚባለው የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪዎች ታሪክ ነበር። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ካሜራው በኤሮፕላኖቹ ላይ ታስሮ፣ ተዋንያኑም በእውነት ሰማይ ላይ ወጥተው የተሠራ ነው። እንግዲህ የኦስካር አባት አክሽን ፊልም ነው ማለት ነው! የኤሮፕላን ነገር ሲነሣ፣ ዋናው ማረፊያ ወደ ቦሌ ከመሄዱ በፊት ኤሮፕላን የሚያርፈው በእኛው በልደታ ሜዳ ስለ ነበር፣ ለዚህ ፊልም ትንሽ ብናዳላ አንባቢ ይቅር ይለናል ብለን እናምናለን። ይሁን እንጂ ወዲያው ፊልም አፍ አወጣ። ተዋናይ መናገር ጀመረ፤ ከቴአትር ቤት የመጡ ደራስያንና ተናጋሪዎች ስቱዲዮውን ሞሉት። ከዚያ ወዲህ ዙፋኑን የያዘው ንግግር ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት እ.ኤ.አ. የ2016ን ምሽት መመልከት ይበቃል። በዚያ ምሽት ጆርጅ ሚለር የሠራው «ማድ ማክስ፡ ፊውሪ ሮድ» ለአሥር ሽልማት ታጭቶ ስድስቱን ወሰደ። ከእርሱ የበለጠ የወሰደ አልነበረም። የወሰዳቸውም የቅንብር፣ የድምፅ ቅንብር፣ የድምፅ ቅልቅል፣ የልብስ፣ የሜካፕና የመድረክ ዝግጅት ሽልማቶች ናቸው። ምርጥ ፊልም ተብሎ የተጠራው ግን የቦስተን ጋዜጠኞች ስልክ ሲደውሉና ሰነድ ሲያገላብጡ የሚያሳየው «ስፖትላይት» ነው፤ እርሱ በጠቅላላ ያገኘው ሁለት ሽልማት ሲሆን ሁለተኛውም የድርሰት ነበር። «ስፖትላይት»ን አይተነዋል፤ ወደነዋልም። ቁም ነገር ያለው ፊልም ነው። የሚያስገርመን ግን የአስተሳሰቡ መንገድ ነው። አንድ ቤት መሠረቱ ምርጥ፣ ግድግዳው ምርጥ፣ በሩ ምርጥ፣ ጣሪያው ምርጥ ነው ተብሎ ከተፈረደለት በኋላ «ቤቱ ግን ምርጥ አይደለም» ቢባል ባለቤቱ ይግባኝ አይልምን?

«ፊውሪ ሮድ»ን ያላየ ካለ እናስታውሰው። ፊልሙ በአብዛኛው የተነሣው በአህጉራችን፣ በናሚቢያ በረሃ ነው። በሚሮጡ መኪናዎች ላይ ረጃጅም ምሰሶዎች ተተክለው፣ በየምሰሶው ጫፍ ሰው ተንጠልጥሎ ወዲህና ወዲያ እየተወዛወዘ ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ይወርዳል። ሚለር ፊልም ሠሪ ከመሆኑ በፊት ሐኪም ነበር፤ በድንገተኛ ክፍል ውስጥ የመኪና አደጋ ምን እንደሚያደርግ በዐይኑ አይቷል። በፊልሙ ውስጥ ዋናው ሰው የሚናገረው ቃል ተቆጥሮ የሚያልቅ ነው። የሴቲቱን ቁጣ፣ የሰውየውን ፍርሃት፣ በመጨረሻም የሁለቱን መተማመን የምንረዳው በንግግር ሳይሆን ማን ለማን መሣሪያ እንዳቀበለ፣ ማን በማን ትከሻ ላይ እንደ ተደገፈ በማየት ነው። ይህ ድርሰት አይደለም የሚል ሰው ድርሰት ማለት ምን እንደሆነ ቢያስረዳን ደስ ይለናል።

ሌላም ምሳሌ አለ። የጃፓኑ አኪራ ኩሮሳዋ እ.ኤ.አ. በ1954 «ሰባቱ ሳሙራይ»ን ሠራ። በዝናብና በጭቃ ውስጥ የሚደረገውን የመጨረሻውን ውጊያ ያየ ሰው አይረሳውም። ቬኒስ የብር አንበሳዋን ሰጠችው። ኦስካር ግን ለመድረክ ዝግጅትና ለልብስ ብቻ አጭቶት፣ እነርሱንም ሳይሰጠው ቀረ። ለልብሱ! ውጊያውን ትተው ቀሚሱን አዩለት።

እዚህ ላይ ተቃዋሚያችን እጁን አውጥቶ «ግላዲያተርስ? ፍሬንች ኮኔክሽንስ?» ይለናል። እውነት ነው፤ «ፍሬንች ኮኔክሽን» እ.ኤ.አ. በ1972፣ «ግላዲያተር» በ2001 ምርጥ ፊልም ተብለዋል፤ በ2023 ደግሞ በካራቴ የተሞላው «ኤቭሪቲንግ ኤቭሪዌር ኦል አት ዋንስ» ሰባት ሽልማት ወስዷል። ነገር ግን የተሸለሙበትን ስም ልብ በሉ። አንዱ የከተማ ኑሮ ምስክር፣ አንዱ የሮም ታሪክ፣ አንዱ የስደተኛ ቤተሰብ ጉዳይ ተብሎ ነው የገባው። አክሽን ፊልም ወደ ግብሩ አዳራሽ የሚገባው የሌላ ዘመድ ልብስ ተውሶ ነው።

እንዲህ የሆነበትን ምክንያት ስንመረምር ሦስት ነገር አገኘን። የመጀመሪያው የድምፅ አሰጣጡ ነው፤ ይህ ግልጽ ስለሆነ ብዙ አንቆይበትም። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ ከአሥር ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ በየሙያቸው ተከፋፍለው በየዘርፋቸው እጩ ካቀረቡ በኋላ ለምርጥ ፊልም ሁሉም ድምፅ ይሰጣሉ። ከዘርፎቹ ሁሉ በቍጥር የሚበልጠው የተዋንያን ነው። ተዋናይ ደግሞ እንደ ማንኛውም ባለሙያ የራሱን ሙያ ያከብራል፤ እርሱም የሚያውቀው ፊትና አንደበት ነው። ሁለተኛው የገበያ ነገር ነው። ብዙ ሰው የወደደው ነገር ጥልቀት የለውም የሚል ጥርጣሬ በተማረ ሰው ልብ ውስጥ ይኖራል፤ ስለዚህ ሸላሚው ትኬት በብዛት የተሸጠለትን ፊልም «አንተ ገንዘብህን አግኝተሃል» ብሎ ያሰናብተዋል።

ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም የከበደ ነውና እዚህ ላይ እንቆይ። የአክሽን ሥራ ዋናው ጥበቡ መደበቅ ነው። በተዋናዩ ፋንታ ከጣሪያ የሚወድቀው ሰው ሥራው ያማረ የሚሆነው ማንነቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ነው። ጀርባውን ለካሜራው ይሰጣል፤ የሌላ ሰው ኮት ይለብሳል፤ የሌላ ሰው ፀጉር ያጠልቃል። ከወደቀ በኋላ ካሜራው ይቆምና ተዋናዩ መጥቶ እርሱ የነበረበት ቦታ ላይ ይተኛል፤ አቧራም ይነሰነስበታል። ተመልካችም «ጉድ! እንዴት ወደቀ!» ብሎ ተዋናዩን ያደንቃል።

«ቤን ሁር» የሚባለውን ፊልም አስቡት። እ.ኤ.አ. በ1959 ወጥቶ አሥራ አንድ ኦስካር ወስዷል። ፊልሙን ካየ ሰው ላይ በማግስቱ የሚቀረው ምንድን ነው? የሠረገላው እሽቅድምድም አይደለምን? ያንን እሽቅድምድም ካደራጁት ሰዎች አንዱ ያኪማ ካነት የሚባል የፈረሰኛ ዝላይ ባለሙያ ነበር። ይህ ሰው ከዚያ ሃያ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1939፣ «ስቴጅኮች» በሚባለው ፊልም ውስጥ በሚጋልቡ ፈረሶች መካከል ወድቆ ሠረገላው በላዩ እንዲያልፍ ያደረገ ነው። ከአሥራ አንዱ ሽልማት አንዱም የእርሱ አልነበረም፤ የሚገባበት ዘርፍ አልነበረማ! በ1967 አካዳሚው የክብር ኦስካር ሰጠው። የተሰጠውም ስለ ዝላዩ ብቻ ሳይሆን ዘላዮች እንዳይጎዱ መከላከያ መሣሪያዎችን ስለ ፈጠረ ጭምር ነው። ይህን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን። ጃኪ ቻንም እንዲሁ የክብሩን ኦስካር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ አንድ ፊልም ሲሠራ ከዛፍ ወድቆ የራስ ቅሉ ከተሰበረ ከሠላሳ ዓመት ግድም በኋላ መሆኑ ነው። የክብር ሽልማት መልካም ነገር ነው፤ ግን በዘመን መጨረሻ የሚሰጥ የጡረታ ካባ ይመስላል።

ወደ ራሳችን ቤት እንግባ።

እኛ ኢትዮጵያውያን የቃል ሰዎች ነን። የሊቅ ማዕርግ በቅኔ ይለካል፤ ሰምና ወርቅ ያለው ንግግር በችሎት ያስረታል፤ በአርትስ ፋኩልቲም የምንማረው ይህንኑ ነው። ሲኒማ ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ ቤቱን «የሰይጣን ቤት» ብሎ የሰየመው በውስጡ በሚነገረው ቃል ተቆጥቶ አልነበረም፤ ፊልሙ ድምፅ አልነበረውምና። ያስደነገጠው የሥዕሉ መንቀሳቀስ ነው። እኛ ዛሬ ሰይጣኑን አስወጥተን ቤቱን የቃል ቤት አደረግነው። የአማርኛ ፊልም ብዙውን ተዋናይና አዘጋጅ የወሰደው ከቴአትር ቤት ስለሆነ ሰዎች ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው ይነጋገራሉ፤ ተነጋግረው ሲጨርሱ ወደ ካፌ ሄደው እንደ ገና ይነጋገራሉ።

በውጭ አገር የተከበሩልን ፊልሞችም ከዚህ መንገድ አይርቁም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በማግስቱ ዓመት በዋጋዱጉ የፌስፓኮን ትልቅ ሽልማት አግኝቷል። «ድፍረት» በ2014 በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 በካን ታየ። በእነዚህ ሥራዎች የማይኮራ ኢትዮጵያዊ የለም፤ እኛም እንኮራለን። ነገር ግን ዓለም ከእኛ የሚጠብቀው ሐዘናችንን ብቻ መሆኑ ይታወቀናል። ረኃባችንን፣ ስደታችንን፣ ጠለፋችንን ይዘን ብንሄድ በሩ ይከፈትልናል፤ ፈረሳችንን ይዘን ብንሄድ ማን ይቀበለናል? አገራችን ለኦስካር ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረበችው ፊልም «አትሌቱ» ስለ አበበ ቢቂላ ነው። በባዶ እግሩ ሮምን ስላስገረመው ሯጭ የተሠራው ፊልም እንኳ በአመዛኙ ያተኮረው በመኪና አደጋውና ከዚያ ወዲያ ባለው ዘመኑ ላይ ነው።

ባህላችን ግን አካልን ንቆ አያውቅም። በጃን ሜዳ የገና ጨዋታና የፈረስ ጉግስ ለማየት የወጣው ሕዝብ ንግግር ሊሰማ አልወጣም። ጀግናም ከዘመቻ ሲመለስ ይፎክር ነበር፤ «እኔ የእገሌ ልጅ» ብሎ ስሙን ጠርቶ፣ የሠራውን በየቦታው ዘርዝሮ፣ ምስክር አቁሞ። ድርጊቱ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ፉከራ ፉከራ አይባልም። በፊልም ውስጥ የሚወድቀው ሰው እንግዲህ ፉከራ የተከለከለ ጀግና ነው።

ስለ ዐድዋ በያመቱ የካቲት 23 ቀን እንዘምራለን። በፊልም በሰፊው የምናውቀው ግን ያው የኃይሌ ገሪማ ዘጋቢ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው «ዐድዋ» ነው፤ እርሱም በሥዕል፣ በዘፈንና በአዛውንቶች ቃል የተሠራ ነው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ግን ፈረሱ አይጋልብም። ለምን ቢሉ ፈረስ ገንዘብ ይፈጃል፤ መድፍ ፈቃድ ይጠይቃል፤ የሚወድቀውን ሰው የሚያሠለጥንና ዋስትና የሚገባለት ያስፈልጋል። አገሩ የሚዘል ሰው አጥቶ አይደለም። በ1980ዎቹ የተነሣው ሰርከስ ኢትዮጵያ ልጆቻችን በአየር ላይ ምን ማድረግ እንደሚችሉ ለዓለም አሳይቷል።

አንድ የሚያስቀን ነገር እዚህ ላይ እንጨምር። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የአገራችን የፊልም ሽልማት ስሙን የወሰደው ከ«ጉማ» ነው። በ1960ዎቹ ሚሼል ፓፓታኪስ የሠራው ይህ ፊልም ሰው ስለ ገደለና የደሙን ዋጋ ለመክፈል ስለሚንከራተት ሰው የሚናገር ነው። ሽልማታችን በስሙ የሚጠራው የአንድ ሰው አካል ባደረገው ነገር ነው፤ አንደበቱ በተናገረው አይደለም።

እኛ ፊልምን እንዴት እንደ ለመድን እንናገር። ታላላቆቻችን ቪዲዮ ቤት ገብተው፣ በአግዳሚ ወንበር ተጨናንቀው ብሩስ ሊንና ቫን ዳምን አይተው አድገዋል። እኛ ደግሞ የልደታ መንደር ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ከተሠራ በኋላ በዲሽ ያደግን ነን። ከአረብ አገር የሚመጣው ጣቢያ ቀኑን ሙሉ አክሽን ይለቃል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ፣ ከግርጌ የሚጻፈው ትርጕም በአረብኛ! ሁለቱንም አናውቅም። ነገር ግን ማን ከዳተኛ እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሚሞት፣ «አክተሩ» መቼ ተስፋ እንደቈረጠ አንድ ነገር አላመለጠንም። በማግስቱ በኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ታሪኩን በሙሉ ለጎረቤት ልጅ እንተርክ ነበር፤ እንዲያውም እያንዳንዱን ምት እያሳየን። በዚያው ጣቢያ የሚተላለፈውን ድራማ ግን አንዲት ሴት በመስኮት በኩል ስታይ ለምን እንደምታለቅስ እስከ ዛሬ አናውቅም። ይህን የምንለው ድራማን ለማሳነስ አይደለም። ያለ ቃል የተነገረን ታሪክ ማስተዋል ፊልም ብቻ የሚያስተምረው ትምህርት ነው ለማለት ነው።

አሁን የተቃዋሚያችንን ጠንካራ ነጥብ እናምጣ፤ ደካማውን ብቻ መርጦ መርታት የልደታ ልጅ ነውር ነውና። አክሽን ፊልም ሞትን ያረክሳል ይሉናል። ትክክል ነው፤ ብዙው ያረክሳል። «ብላክ ሆክ ዳውን» የሚባለውን እ.ኤ.አ. የ2001ን ፊልም አይተናል። በ1993 ሞቃዲሾ ውስጥ የሆነውን ይተርካል፤ የቅንብርና የድምፅ ኦስካርም አግኝቷል። በፊልሙ ውስጥ እያንዳንዱ አሜሪካዊ ስም፣ እናትና ፎቶግራፍ አለው። ጎረቤቶቻችን ሶማሌዎች ግን እንደ ጎርፍ መጥተው እንደ ገለባ ይወድቃሉ፤ ለማን እንደሚለቀስ አስቀድሞ ተወስኗል። ደግሞም እኛው ራሳችን ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የሰሜኑን ጦርነት ያየን ትውልድ ነን። በመኝታ ክፍላችን ውስጥ ከስልክ ላይ የተኩስ ድምፅ ሲወጣ ተነሥቶ ወደ ውጭ የሚሄድ ወንድም አለን። እርሱን «ና አክሽን እንይ» የምንልበት አንደበት የለንም፤ ብንልም አያምርብንም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ፊልሙ ሞትን ምን እንዳደረገው የሚጠይቅ ክስ ነው፤ በድርጊት መተረክን ሊከስስ አይችልም። እንባንም የሚያረክስ ድራማ ሞልቷል። እናት በየክፍሉ በካንሰር የምትሞትበትን ተከታታይ ስንቱን አየን! ስለ መጥፎው ድራማ ተብሎ ጥሩው ድራማ ሽልማት አልተከለከለም። መጥፎው አክሽን ግን ለጥሩው ዕዳ ይከፍልበታል። ዳኛ ሆይ፣ አንዱን ወንድም በሌላው ወንድሙ ጥፋት መቅጣት በየትኛው አንቀጽ ነው?

ለምን እንዲህ አጥብቀን እንደያዝነው ግን እስካሁን አልተናገርንም። ነገሩ የጣዕም ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ በሻይ ሰዓት ተነጋግረንበት በተውነው።

የጌጃ ሰፈር ልጅ የሆነ አንድ ባልንጀራ አለን። ስሙን እንዳንጽፍ ስለ ለመነን አንጽፈውም። ጂምናስቲክ የተማረው በሰፈሩ ሜዳ ነው። ባለፈው ዓመት ተማሪዎች አጭር ፊልም ሲሠሩ፣ ዋናው ተዋናይ ካልተጨረሰ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚወድቅበት ቦታ ነበረና እርሱ በፋንታው እንዲወድቅ ተጠየቀ። ከመኝታ ክፍል የመጡ አራት ፍራሾች ተደራርበው ተነጠፉ። አንድ ጊዜ ወደቀ፤ ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም ተባለ። ሁለተኛ ወደቀ፤ ከኋላ አንድ መንገደኛ ታየ። በሦስተኛው የላይኛው ፍራሽ ተንሸራተተና የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ሦስተኛው ግን ለካሜራው ያማረ ሆነ። ለሕክምናው መዋጮ አዋጣን፤ የቀረውን እናቱ ከዕቁብ አወጡ። ፊልሙ በአንድ ውድድር ላይ ቀርቦ የአዘጋጅና የተዋናይ ሽልማት ወሰደ። በመድረኩ ላይ ፈጣሪ፣ እናቶች፣ መምህራንና ካሜራውን ያዋሰው አጎት ተመሰገኑ። በፊልሙ መጨረሻ የሚያልፈው የስም ዝርዝር ውስጥ ሻይ ያመጣችው ልጅ ስም አለ፤ የእርሱ የለም። እርሱም ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ እጁ በጄሶ ስለ ነበር አላጨበጨበም።

ተናደህ እንደሆነ ብለን ጠየቅነው። «እኔ ብታይ ኖሮ ሥራው ይበላሽ ነበር» አለን። በሙያው ኩራት የተናገረው ስለሆነ መልስ አጣን። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ አለመታየት አንድ ነገር ነው፤ በስም ዝርዝሩ ላይ አለመታየት ሌላ ነው። ሽልማት ማለት ዋንጫ ብቻ አይደለም። ሽልማት ያለው ሥራ ስም ይኖረዋል፤ ስም ያለው ሥራ ዋጋ ይኖረዋል፤ ዋጋ ያለው ሥራ «ፍራሹን ማን አየው?» ብሎ የሚጠይቅ ኀላፊ ይኖረዋል። ያኪማ ካነት ለምን እንደ ተሸለመ አስታውሱልን ያልነው ስለዚህ ነው።

ዓለምም ነገሩን መረዳት ጀምራለች። የአሜሪካ የተዋንያን ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ለዘላዮችና ለወዳቂዎች ቡድን ሽልማት ይሰጣል። የኦስካር አካዳሚ ደግሞ በሚያዝያ 2025 እንዳስታወቀው፣ በ2028 በሚደረገው በመቶኛው ሥነ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንት ለሚያቀነባብሩ ባለሙያዎች ራሱን የቻለ ሽልማት ይሰጣል። ከ«ዊንግስ» ጀምሮ ሲቈጠር መቶ ሥነ ሥርዓት ፈጀባቸው። እኛ መቶ ዓመት መጠበቅ ያለብን አይመስለንም፤ የኅብረታችን የፊልም ምሽት የሚደረገው በግንቦት ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ዘንድሮ በሚደረገው የተማሪዎች አጭር ፊልም ውድድር ከድርሰት፣ ከትወና፣ ከዝግጅትና ከካሜራ ሽልማት ጎን ለዝላይ፣ ለውድቀትና ለግብግብ ሥራ አንድ ሽልማት ይጨመር። ስሙን ኮሚቴው ያውጣለት፤ «ስታንት» ቢለውም አንቃወምም። ለውድድር የሚቀርብ ማንኛውም ፊልም በተዋናይ ፋንታ አካሉን ለአደጋ ያጋለጠውን ሰው ስም በዝርዝሩ ውስጥ ካልጻፈ አይታይ። ከፎቅ የሚወደቅበት ትዕይንት ካለም ከመቀረጹ በፊት ስለ ጥንቃቄው ኀላፊነት የሚወስድ አንድ ሰው ይፈርም። ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር የለበትም፤ ለሽልማቱ የሚሆነውን ኩባያ እኛ ገዝተን እናቀርባለን።

የፊልም ክበቡንም በዚሁ እንጠይቃለን። አሥሩን ፊልም አሥራ አንድ ማድረግ ዝርዝሩን አያፈርሰውም። «ሰባቱ ሳሙራይ» ረዥም ነውና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢታይ ይሻላል።

የድጋፍ ፊርማ የሚሰበሰብበት ወረቀት በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል። እስክሪብቶ ይዛችሁ ኑ፤ በገመድ ያሰርነው ትናንት ጠፍቷል።